ኤሌኖር ራትቦን

ኤሌኖር ፍሎረንስ ራትቦን (ሜይ 12 ቀን 1872 – ጃንዋሪ 2 ቀን 1946 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ፖለቲከኛ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ተመራማሪና የሴቶች መብት ተሟጋች ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት መንግሥት ልጆች ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች በየሳምንቱ ገንዘብ እንዲከፍልና ገንዘቡም በእናት እጅ እንዲገባ ለሠላሳ ዓመት ገደማ በመታገላቸው ነው። ትግላቸው በ1945 የወጣውን የብሪታንያ የቤተሰብ አበል ሕግ አስገኝቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ራትቦን የተወለዱት በለንደን ሲሆን ቤተሰባቸው በንግድና በመርከብ ሥራ የታወቀ የሊቨርፑል ቤተሰብ ነበር። አባታቸው ዊልያም ራትቦን ነጋዴና የፓርላማ አባል ነበሩ። ድሆችን በየቤታቸው እየሄዱ የሚያስታምሙ ነርሶች አገልግሎት በእንግሊዝ እንዲጀመርም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ኤሌኖር በ1893 ኦክስፎርድ በሚገኘው ሶመርቪል ኮሌጅ ገብተው ፍልስፍናና የጥንት ግሪክና ሮማን ትምህርት ተከታተሉ። በ1896 ትምህርታቸውን ቢጨርሱም ዲግሪ አላገኙም፤ ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1920 ነውና።

በሊቨርፑል

ከትምህርት በኋላ ወደ ሊቨርፑል ተመልሰው የከተማዋን ድህነት ማጥናት ጀመሩ። የወደብ የቀን ሠራተኞች ኑሮ ዋና ጉዳያቸው ነበር። ወደቡ ላይ ሥራ አንድ ቀን ይገኛል፣ አንድ ቀን ይጠፋል፤ ገቢውም ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ራትቦን የነዚህን ቤተሰቦች የወጪ መዝገብ ሲመረምሩ፣ ከባል ደመወዝ ውስጥ ለቤት የሚደርሰው ስንት እንደሆነ የሚወስነው ባል ብቻ መሆኑን ተረዱ። በ1913 ደግሞ ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ከድሆች መርጃ ምን ያህል ጥቂት እንደሚያገኙ የሚያሳይ ጥናት አወጡ።

በ1909 በግል ተወዳድረው የሊቨርፑል ከተማ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆኑ። በዚህ ወንበር እስከ 1935 ቆይተዋል።

የአበል ሐሳብ አመጣጥ

አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲጀመር፣ ባሎቻቸው የዘመቱባቸው ሴቶች ከመንግሥት አበል ይከፈላቸው ጀመር። ራትቦን በሊቨርፑል ለነዚህ ቤተሰቦች የሚደረገውን እርዳታ ከሚያስተባብሩት አንዷ ነበሩ። ክፍያው ከመደበኛ ደመወዝ በሁለት ነገር ይለይ ነበር፤ መጠኑ በልጆች ቁጥር ይጨምራል፣ ገንዘቡም በቀጥታ ለሚስት ይሰጣል። ራትቦን ብዙ እናቶች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እርግጠኛ ገቢ በእጃቸው እንዳገኙ ተመለከቱ። ይህ አሠራር በሰላም ጊዜስ ለምን አይቀጥልም የሚል ጥያቄም አነሡ።

በ1917 ከሌሎች ጋር ሆነው ይህን ሐሳብ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙ። በ1924 «ውርስ የተነፈገው ቤተሰብ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን ዋና መጽሐፋቸውን አሳተሙ።

የመጽሐፉ ክርክር በአጭሩ እንዲህ ነው። አሠሪ ላላገባ ሠራተኛም ሆነ ለስድስት ልጆች አባት የሚከፍለው ደመወዝ አንድ ነው። ስለዚህ ደመወዝ ብቻውን የልጆችን ፍላጎት ሊከተል አይችልም። ቤት ውስጥ ልጅ የምታሳድግ እናት ለአገር የሚጠቅም ሥራ ብትሠራም የራሷ ገቢ የላትም። ከዚህም ሌላ፣ ወንዶች ከሴቶች የበለጠ ሊከፈላቸው ይገባል የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ወንድ ቤተሰብ ያስተዳድራል የሚል ነበር። ለልጆች ለብቻው አበል ከተከፈለ ይህ ምክንያት ይወድቃል።

ተቃውሞ

ሐሳቡ ከየአቅጣጫው ተቃውሞ ገጠመው። ብዙ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች አሠሪዎች አበሉን ሰበብ አድርገው ደመወዝ እንዳይቀንሱ ሠጉ። ሌሎች ደግሞ አባቶች ኃላፊነታቸውን ይዘነጋሉ አሉ። ከሴቶች መብት ተሟጋቾችም መካከል ሴትን በቤት ውስጥ የሚያስቀር ነው ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ለሴቶች የመምረጥ መብት ለረጅም ዘመን የታገሉት ሚሊሰንት ፎሴት ሐሳቡን አልደገፉም፤ በ1919 ራትቦን የፎሴትን ቦታ ተረክበው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። በሌላ በኩል ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ቤቨሪጅ በመጽሐፉ አመኑ። በሚመሩት የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤትም ለመምህራን የልጆች አበል አስጀመሩ።

በፓርላማ

ራትቦን በ1929 የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን በሚመርጡበት ወንበር በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልተሸነፉም። በሕንድ ይፈጸም ስለነበረው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ተከራከሩ። ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር የብሪታንያን መንግሥት ቸልተኝነት በይፋ አወገዙ። ከናዚ አገዛዝ ለሚሸሹ ስደተኞች በሩ እንዲከፈትም መንግሥትን ያለ እረፍት ይወተውቱ ነበር።

የ1945 ሕግ

በ1942 የወጣው የቤቨሪጅ ሪፖርት የልጆችን አበል የማኅበራዊ ዋስትና አንድ መሠረት አደረገው። በጦርነቱ ዓመታት የሠራተኛ ማኅበራትም አቋማቸውን ለወጡ። መንግሥት በ1945 ያቀረበው ረቂቅ ግን ገንዘቡ ለአባት እንዲከፈል የሚል ነበር። ራትቦን ዕድሜያቸውን የለፉበት ሕግ እንዲህ ሆኖ ከመጣ እንደሚቃወሙት አስታወቁ። በመጨረሻ አባላቱ ከፓርቲ ትዕዛዝ ነፃ ሆነው ድምፅ እንዲሰጡ ተፈቀደና ክፍያው ለእናት እንዲሆን ተወሰነ። ሕጉ በጁን 1945 ጸደቀ።

መጠኑ ከመጀመሪያው ልጅ በስተቀር ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት 5 ሺሊንግ ነበር። ለምሳሌ አራት ልጆች ያሉት ቤተሰብ በሳምንት 15 ሺሊንግ ያገኛል፤ አንድ ልጅ ብቻ ያለው ግን ምንም አያገኝም። ቤቨሪጅ ያቀረቡት 8 ሺሊንግ ስለነበር ክፍያው ከታሰበው ያነሰ ነው።

ሕልፈትና ትሩፋት

ራትቦን አላገቡም፤ ለብዙ ዓመታት ከጓደኛቸው ከማኅበራዊ ሠራተኛዋ ኤልዛቤት ማካዳም ጋር በአንድ ቤት ኖረዋል። በጃንዋሪ 1946 በለንደን በድንገት ዐረፉ። እናቶች የመጀመሪያውን አበል ከፖስታ ቤት የተቀበሉት በኦገስት 1946፣ እሳቸው ከሞቱ ከሰባት ወር በኋላ ነው።

ከ1977 ጀምሮ በቤተሰብ አበል ምትክ የመጣው የልጆች አበል የመጀመሪያውን ልጅም ጨምሮ መክፈል ጀመረ። በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተሰየመ ሕንፃ አለ። በ2018 በለንደን የፓርላማ አደባባይ በቆመው የሚሊሰንት ፎሴት ሐውልት መሠረት ላይ ከተቀረጹት የታጋዮች ስሞችም አንዱ የራትቦን ነው።