ለመጻጉዕ ሰው የሆነ ሐኪም

በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን የመጻጉዕን ነገር ታሳስበናለች። ይህ ሰው 38 ዓመት በደዌ ተይዞ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ተኝቶ ነበር። ለጌታችን ያሰማው አቤቱታም የደዌው ጽናት ሳይሆን፣ ውሃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያገባው ሰው ማጣቱ ነበር። እኛም በጦር ሜዳ ቈስለው የአልጋ ቍራኛ ለሆኑት ወታደሮች ያ የታጣው ሰው ሆኖ የተገኘውን የሐኪሙን የሉድቪግ ጉትማንን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጉትማን በ1899 ዓ.ም. ከአይሁድ ወገን በጀርመን አገር ተወለደ። በ1917 ዓ.ም. በማዕድን ቈፋሪዎች ሆስፒታል ሲያገለግል፣ አከርካሪው የተሰበረ አንድ ብርቱ ጐልማሳ ሲመጣ አየ። ሐኪሞቹ አስቀድመው ተስፋ ስለ ቈረጡበት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞተ። የዚህ ሰው ነገር ከጉትማን ልብ አልጠፋም። ከዚያም ሕክምና ተምሮ በነርቭ በሽታዎች ዕውቀቱ ስመ ጥር ሆነ።

ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ጊዜ አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራው ስለ ተባረረ፣ በብሬስላው ከተማ በአይሁድ ሆስፒታል ያገለግል ጀመር። በኖቬምበር 9 ቀን 1938 ዓ.ም. ሌሊት ምኵራቦች ሲቃጠሉ፣ የሆስፒታሉን በር ከፍቶ የሚሳደዱትን እንደ ሕመምተኛ ተቀበለ፤ በማግሥቱም ሊይዟቸው በመጡት ሹማምንት ፊት ቆሞ ብዙዎቹን አዳነ። በ1939 ዓ.ም. እርሱ ራሱ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ።

በፌብርዋሪ 1944 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት በስቶክ ማንደቪል አከርካሪያቸው ለተመታ ወታደሮች የሕክምና ማዕከል ከፍቶ አመራሩን ለዚህ ስደተኛ ሰጠ። በዚያ ዘመን ከወገባቸው በታች የሰለሉት አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር። የሚገድላቸውም ጥይቱ ሳይሆን፣ ሳይንቀሳቀሱ በመተኛታቸው የሚመጣው የመኝታ ቍስልና የሽንት መመረዝ ነበር። ጉትማን ግን እያንዳንዱ ቍስለኛ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥና ሰውነቱ በንጽሕና እንዲጠበቅ አዘዘ። ትእዛዙ መፈጸሙንም ለማየት ራሱ በሌሊት ይመጣ ነበር። ስለዚህም ታካሚዎቹ እንደ አባት ይጠሩት ነበር።

ነገር ግን ከሞት ያተረፈውን ሰው ጣራ እያየ እንዲኖር ሊተወው አልወደደም። አናጢነትንና ሰዓት መጠገንን እንዲማሩ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠውም በስፖርት ክንዳቸውን እንዲያበረቱ አደረገ። በጁላይ 29 ቀን 1948 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ጨዋታ በሎንዶን በተከፈተበት ዕለት፣ 16 የቀድሞ ወታደሮች፣ ከእነርሱም 2ቱ ሴቶች፣ በሆስፒታሉ ሜዳ በቀስት ውርወራ ተወዳደሩ። ይህ ዘር አድጎ በ1960 ዓ.ም. ወደ 400 የሚጠጉ ተወዳዳሪዎች በሮም ተሰበሰቡ፤ ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ይኸው ነው።

በዚያችው ሮም፣ ከዚህ ውድድር ስምንት ቀን አስቀድሞ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ድል አድርጎ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ በሰለሉ ጊዜ ወደ ስቶክ ማንደቪል ተወሰደ። እነዚያ በሮጡበት ዘመን ዓለምን ያስደነቁ እግሮች አልተመለሱለትም፤ እርሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ስፍራ ከሌሎች ጉዳተኞች ጋር በቀስት ተወዳደረ። ጉትማን በ1966 ዓ.ም. የሰር ማዕረግ ተሰጥቶት፣ በ1980 ዓ.ም. ዐረፈ።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ታሪክ ምን እንማራለን? ለቈሰለ ወታደር ኒሻን መስጠት መልካም ነው፤ ኒሻኑ ግን በሌሊት አያገላብጠውም። ስለ ሀገሩ አካሉን የሰጠ ሰው በየአጥቢያችን አለ። ወደ ቅዳሴ የሚያመጣው ሰው ቢያጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ደረጃ ለተሽከርካሪ ወንበሩ መንገድ ቢከለክለው፣ በደጃችን ሌላ መጻጉዕ አስተኝተናል ማለት ነው። ምጽዋት ሰጥተን ብናልፍ የዕለት ራቡን እናስታግሣለን፤ ሙያ ብናስተምረው፣ በማኅበራችንና በእድራችን ቦታ ብንሰጠው፣ ቤቱንም ሳንሰለች ብንጠይቅ ግን ሰው እንሆንለታለን። ጌታችን መጻጉዕን አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ በቃሉ አዘዘው፤ እኛ ይህ ሥልጣን ባይኖረንም፣ የወንድማችንን አልጋ አብረን ለመሸከም ክንድ ተሰጥቶናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።