ታጋዩ ሉ ቴዝ
ሉ ቴዝ እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ አገር ተወልዶ በሴንት ሉዊስ ከተማ አደገ። ትግልን በመጀመሪያ ያስተማረው ከአውሮፓ የፈለሰው ጫማ ሠሪ አባቱ ነው። ቀጥሎም ከጆርጅ ትራጎስ ዘንድ የባላጋራን መገጣጠሚያ ጠምዝዞ የመያዝን ስልት ጠንቅቆ ተማረ።

በ1937 መጨረሻ ኤቨሬት ማርሻልን ድል ነሥቶ በ21 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ በፊት በዚህ ዕድሜ ማዕረጉን ያገኘ አልነበረም። ዳሩ ግን ሁለት ወር ሳይሞላ በቦስተን ከተማ ለስቲቭ ኬሲ አስረከበ። እርሱም ልምምዱን አልተወም።

በገንዘብ የሚታየው ትግል አሸናፊው አስቀድሞ የሚወሰንበት ትርዒት ነው። ቴዝ ግን እውነተኛውን ትግል ስለሚያውቅ ባልደረቦቹ ያከብሩት ነበር። ከ1949 እስከ 1956 ሻምፒዮንነቱን ይዞ ቆየ፤ በ74 ዓመቱም በጃፓን ለመጨረሻ ጊዜ ታገለ። በ2002 በ86 ዓመቱ ዐረፈ።

ማዕረግ ከሰው እጅ ይወጣል፤ በትጋት የተማሩት ጥበብ ግን እስከ እርጅና ይከተላል።