አንሪ ፋዮል፤ ማስተዳደርን ትምህርት ያደረገ መሐንዲስ

በሒሳብና በሳይንስ ከጓደኞቹ በልጦ የወጣ ወጣት፣ ሥራ ይዞ ሰው ምራ በተባለ ጊዜ ሲደናገር ብዙ ጊዜ እናያለን። ማስተዳደር ከተፈጥሮ የሚገኝ ስጦታ ነው እየተባለም ነገሩ ይታለፋል። ዛሬ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ፈረንሳዊ ግን ይህን አሳብ አልቀበልም ብሎ የተከራከረ ሰው ነው።

አንሪ ፋዮል በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1841 ዓ.ም. ከፈረንሳውያን ወላጆች በቁስጥንጥንያ ተወለደ። በሳንት ኤትየን የማዕድን ትምህርት ቤት ተምሮ በ1860 በ19 ዓመቱ መሐንዲስ ሆነና በኮማንትሪ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ተቀጠረ። በዚያም ከመሬት በታች የሚነሣውን የከሰል ቃጠሎ በመታገል ስሙ ታወቀ።

ሥራ በጀመረ በዓመቱ ግን ከእሳቱ ይልቅ ያስገረመው ነገር ደረሰ። በጉድጓዱ ውስጥ የሚሠራ አንድ ፈረስ እግሩ ተሰበረ። ፋዮል ምትክ ቢጠይቅ፣ የጋጣው ኀላፊ ያለ ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ አልሰጥም አለ። ሥራ አስኪያጁ በቦታው አልነበረም፤ በእርሱ ፈንታ የሚያዝዝም ሰው አልተሾመም። ስለዚህ ፈረስ በጋጣ ቆሞ ሳለ ሥራው ተስተጓጐለ። ወጣቱ መሐንዲስ የጐደለው ፈረስ ሳይሆን ሥልጣን መሆኑን ተረድቶ ነገሩን በማስታወሻው ጻፈው። እንዲህ ያለውንም ማስታወሻ መያዝ ልማዱ ሆነ።

በ1866፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ የኮማንትሪ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። በ1888 ደግሞ የኩባንያው ጠቅላላ አስተዳደር ተሰጠው። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ለመክሠር የተቃረበ ነበረ፤ በ1918 በ77 ዓመቱ ሲሰናበት ግን ጠንክሮ ቆሞ ነበረ። ፋዮል ይህ የተገኘው በራሱ ልዩ ብልህነት ሳይሆን በአሠራሩ ሥርዓት መሆኑን ያስረዳ ነበረ።

ያንንም ሥርዓት በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸው። በመጽሐፉ መሠረት ማስተዳደር ማለት አስቀድሞ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማስተባበርና መቈጣጠር ነው። ከእነዚህም ጋር 14 መመሪያዎችን ጻፈ። ከእነርሱ አንዱ፣ ሠራተኛ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንድ አለቃ ብቻ ይሁን የሚል ነው። ሁለት ባላ መትከል ለሌላ ነገር ይበጅ ይሆናል እንጂ ለትእዛዝ አይበጅም ማለቱ ነው። ሆኖም መመሪያዎቹን እንደ ሁኔታው የሚለዋወጡ እንጂ የማይነቃነቁ ሕጎች አላደረጋቸውም።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ተማሪዎችን የሚነካን፣ በአገሩ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች ላይ ያቀረበው ወቀሳ ነው። ለከፍተኛ ሒሳብ ብዙ ዓመት ይሰጣሉ፤ መሐንዲሱ ግን ሥልጣኑ ከፍ እያለ በሄደ ቍጥር የሚያስፈልገው ሰውን ማስተዳደር ነው፤ እርሱንም የሚያስተምር የለም አለ። ከሥራው ከተሰናበተ በኋላም አላረፈም፤ የፈረንሳይን የፖስታና የቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት አሠራር መርምሮ ጉድለቱን በ1921 ጽፎ አወጣ።

በ1925 ሲሞት በአራት ክፍል ሊጽፈው ካሰበው መጽሐፍ የታተሙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ በ1949 በእንግሊዝኛ እንደ ገና ተተርጕመው በዓለም ተሰራጩ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት የነቀፉበት ነገር አለ፤ ነገር ግን ማስተዳደር ይማሩታል የሚለው አሳቡ ጸንቶ ኖሯል።

እኛም ነገ መለኪያና ንድፍ ይዘን ወደ ሥራ ስንወጣ ሰዎች ከእኛ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። በጋጣ የቆመውን ፈረስ ያን ጊዜ እናስታውስ።