ቨርነር ፎርስማን እና የቀኝ ልብ ካቴተር ምርመራ

ቨርነር ፎርስማን እ.ኤ.አ. በ1904 በበርሊን ተወለዱ። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው ኤበርስቫልደ በምትባል አነስተኛ ከተማ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ልምምድ ጀመሩ። በክንድ ደም መልስ በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ልብ ለማስገባት ያቀረቡት ሐሳብ ግን የአለቃቸውን ፈቃድ አላገኘም። በ1929 መሣሪያዎቹን የምትጠብቀውን ነርስ አግባብተው፣ ሙከራውን በእርሷ ላይ የሚያደርጉ መስለው በራሳቸው ላይ ፈጸሙት። የግራ ክርናቸውን መታጠፊያ አደንዝዘው ለሽንት ቱቦ የተሠራ ካቴተር 65 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡ፤ ቱቦው በክንዳቸው ውስጥ እንዳለ ወደ ራጅ ክፍል ወርደው ጫፉ ቀኝ ልብ መድረሱን የሚያሳይ ምስል አስነሡ።

ዓላማቸው መድኃኒትን በድንገተኛ ጊዜ በቀጥታ ወደ ልብ ማድረስ እንጂ ግፊት መለካት አልነበረም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጽሑፋቸው ወቀሳ አስከተለባቸው፤ ከበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል ተሰናብተው በኋላ ወደ ሽንት አካላት ሕክምና አዘነበሉ። በ1932 የናዚ ፓርቲ አባል መሆናቸውም ከታሪካቸው ሊነጠል አይገባም። በጦርነቱ በሐኪምነት አገልግለው ተማረኩ።

ዘዴውን ወደ መለኪያነት ያሳደጉት በኒውዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል አንድሬ ኩርናን እና ዲኪንሰን ሪቻርድስ ናቸው፤ ቱቦውን እስከ ሳንባ ደም ቅዳ አድርሰው በውስጡ ያለውን ግፊት መዘገቡ። በ1956 ሦስቱ የኖቤል ሽልማት ሲጋሩ ፎርስማን በባድ ክሮይትስናኽ የሽንት አካላት ሐኪም ነበሩ።

ዛሬ የሳንባ ደም ቅዳ ከፍተኛ ግፊት በልብ አልትራሳውንድ ይጠረጠራል፤ የሚረጋገጠው ግን በካቴተር ነው። አማካይ ግፊቱ ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ የሳንባ ደም ሥሮች ተቃውሞም ከ2 ዉድ ዩኒት መብለጥ አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ልኬት ነው፤ ካቴተሩ የሳንባ ደም ቅዳ ቅርንጫፍን ዘግቶ የሚለካው፣ የግራ ልብን ሁኔታ የሚጠቁመው ግፊት ከ15 ካለፈ ምንጩ በአብዛኛው የግራ ልብ ሕመም ነውና ለደም ቅዳው ሕመም የተዘጋጁት መድኃኒቶች ሊጎዱ ይችላሉ። መንስኤው ባልታወቀ ሕመም ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ በማስተንፈስ ሲፈተን፣ ልብ የሚረጨው ደም ሳይቀንስ አማካይ ግፊቱ ቢያንስ በ10 ወርዶ 40 ወይም ከዚያ በታች ከደረሰ የካልሲየም መተላለፊያ አጋጆች ይሞከራሉ። እንዲህ ያሉት ሕሙማን ጥቂቶች ናቸው፤ ለሌሎቹ የኢንዶቴሊን ተቀባይ አጋጆች፣ እንደ ሲልዴናፊል ያሉ መድኃኒቶችና የፕሮስታሳይክሊን ዝርያዎች እንደ ሕመሙ ክብደት በጥምረት ይታዘዛሉ።

ፎርስማን በ1979 ሲያርፉ ከእነዚህ አንዱም ለሕመሙ ገና አልተፈቀደም ነበር፤ ኤፖፕሮስተኖል በአሜሪካ የተፈቀደው በ1995 ነው።