ትምባሆን የከለከሉት ንጉሠ ነገሥት፦ ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ

ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ የቆላ ድባ ከተማ የምትገኝበት ነው። ሜዳው በዓፄ ዮሐንስ አራተኛ የሕይወት ታሪክ ውስጥ መሪር ስፍራ አለው፤ ንጉሠ ነገሥቱን ወደ መተማ የመራቸው ሽንፈት የደረሰው በዚሁ ነውና። ይሁን እንጂ ከጦር ሜዳ ውሎአቸው ጎን ለጎን ሊነሣ የሚገባው አንድ የአስተዳደር ውሳኔያቸው አለ፤ ይኸውም በትምባሆ ላይ የጣሉት ክልከላ ነው።

ደጃዝማች ካሣ ምርጫ በ1829 ዓ.ም በተንቤን ተወለዱ። አባታቸው ሹም ተንቤን ምርጫ፣ እናታቸው የእንደርታዋ ወይዘሮ ሥላስ ድምፁ ነበሩ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስን ዓድዋ አጠገብ በአሰም ጦርነት ድል አድርገው፣ ጥር 1864 ዓ.ም በአክሱም ጽዮን ዘውድ ደፉ። በ1868 ዓ.ም የግብፅን ጦር በጉንደትና በጉራዕ አሸነፉ።

በጣና አካባቢ የማጨሻ ዕቃ ሥራ ከትምባሆ ቀድሞ የነበረ ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ በሚገኝ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (ከታወቀችው የላሊበላ ከተማ የተለየ ነው) የሸክላ ማጨሻ ራሶች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ዘመናቸው ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚጠጋ ሲሆን፣ ከመካከላቸው ሁለቱ በቤተ ሙከራ ተመርምረው የካናቢስ ቅሪት ታይቶባቸዋል። ትምባሆ ከአሜሪካ ወደ ቀረው ዓለም የተዛመተው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋያ የሚባለው የአገር ውስጥ ማጨሻ ውሃ ከሚይዝ ቅል፣ ትምባሆና ፍም ከሚቀመጥበት የሸክላ ራስና ከሸምበቆ ቱቦ ይሠራል። ጢሱ በውሃው ውስጥ አልፎ ቀዝቅዞ ወደ አጫሹ ይደርሳል። የሸክላ ሠሪ ብልኃት በይበልጥ የሚታየው በማሳመሩ ላይ ነው። ጭቃው ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ጠጠር ይታሻል፤ በዚህም ከተተኮሰ በኋላ ወዝ ያወጣል። ገና ትኩስ ሳለ በገለባና በቅጠል ጢስ ሲታፈን ደግሞ ጥቁርና አንጸባራቂ መልክ ይይዛል። በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ የሸክላን ሥራ ይዘው የኖሩት በአመዛኙ የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ። ማኅበረሰቡ የእጃቸውን ሥራ እየተገለገለ እነርሱን ቡዳ እያለ ያገል ነበር።

ዓፄ ዮሐንስ የአገርን አንድነት ከሃይማኖት አንድነት ለይተው አላዩም። ግንቦት 1870 ዓ.ም በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ የቤተ ክርስቲያን ክርክር እንዲዘጋ ተወሰነ፤ የወሎ ሙስሊም መሳፍንትም ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዙ። የትምባሆው ክልከላ የዚሁ መንፈስ ውጤት ነበር። ካህናቱ ትምባሆን ለክርስቲያን የማይገባ አድርገው ያወግዙት ነበር፤ ቅጠሉ በመናፍቁ አርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው የሚል አፈ ታሪክም ይነገር ነበር። በዘመኑ የነበሩ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን ይቆረጥ ነበር። በ1876 ዓ.ም በዓድዋ ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል የባሪያ ንግድ እንዲታገድ የተስማሙ መሪ በቅጠል ምክንያት አካል እስከ ማስቆረጥ መድረሳቸው ለታሪክ አንባቢ ከባድ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለው ቅጣት አጫሹን ከመቅጣት አልፎ ሠሪውንም ገዢ የሚያሳጣ ነው፤ ገበያውን ያጣ የእጅ ሥራ ደግሞ ከትውልድ ወደ ትውልድ መተላለፉ ያጠራጥራል።

ጥር 1880 ዓ.ም የመሐዲስቶች ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በደምቢያ ሳር ውሃ ላይ ድል አደረገ፤ ጎንደርም ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። ዓፄ ዮሐንስ በቀጣዩ ዓመት ወደ መተማ ዘመቱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም በውጊያው መካከል በጥይት ቆሰሉ፤ በማግሥቱም አረፉ። አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወድቆ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ከእርሳቸው በኋላ ክልከላው በቀድሞው ጽናቱ አልዘለቀም። ከጣሊያን ወረራ በኋላም የትምባሆ ምርትና ሽያጭ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ሆኖ ለግምጃ ቤት ገቢ ያስገባ ጀመር። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም አጸደቀች። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ የዚህኛው ክልከላ መሠረት የጤና ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ ተጠቃሚ ሆነው የተገኙት ከአዋቂዎች 5 በመቶ ያህሉ ናቸው። ጋያም የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ እምብዛም ባልደረሰባቸው የምዕራብ ቆላማ አካባቢዎች፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በጋምቤላ፣ በወንዶችም በሴቶችም እጅ ቆይቷል።