ጆን ቲንዳል

ጆን ቲንዳል (2 ኦገስት 1820 – 4 ዲሴምበር 1893 እ.ኤ.አ.) የአየርላንድ ተወላጅ የሆነ የፊዚክስ ሊቅ፣ ተራራ ወጪና ታዋቂ የሳይንስ መምህር ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በዓይን የማይታዩ ጋዞች የሙቀት ጨረርን በተለያየ መጠን እንደሚመጥጡ በመለካቱ ነው። ይህ ሥራው የምድር ከባቢ አየር ሙቀትን እንዴት አፍኖ እንደሚይዝ ለማስረዳት ረድቷል። እንዲሁም በአንድ ቱቦ ውስጥ ያለ ጋዝ ምን ያህል እንደሆነ፣ ጋዙን ሳይነኩ በጨረር ብቻ ለመለካት መንገድ ከፍቷል። ዛሬ የሞተር ጭስን በሌዘር ብርሃን የሚመረምሩ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመንና ትምህርት

ቲንዳል የተወለደው በአየርላንድ፣ በካርሎ አውራጃ፣ ሌይሊንብሪጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የአካባቢው ፖሊስ ነበር። ቤተሰቡ ሀብታም ባይሆንም ልጁ በሰፈሩ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና የመሬት ቅየሳ በሚገባ ተማረ። በ1839 በአየርላንድ የካርታ ሥራ ድርጅት ተቀጠረ፤ በ1842 ደግሞ ወደ እንግሊዝ ተዛወረ። ይሁን እንጂ በሠራተኞች ክፍያና አያያዝ ላይ ተቃውሞ ካሰሙት አንዱ ስለነበር በ1843 ከሥራ ተባረረ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ የባቡር ሐዲድ በብዛት ይዘረጋ ስለነበር በሐዲድ ቅየሳ ሥራ ተሰማራ።

በ1847 በደቡብ እንግሊዝ በሚገኘው በኩዊንውድ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር ሆነ። በዚያ ኬሚስቱን ኤድዋርድ ፍራንክላንድን ተዋወቀ። በ1848 ሁለቱ ወደ ጀርመን አገር ሄደው በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ መማር ጀመሩ፤ ከመምህራኖቻቸው አንዱ ሮበርት ቡንዘን ነበር። ቲንዳል ባጠራቀመው ገንዘብ እየኖረ ሌት ተቀን በማጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ1850፣ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። በ1852 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1853 ደግሞ ማይክል ፋራዳይ ይሠራበት በነበረው በሮያል ኢንስቲትዩሽን የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። እስከ 1887 ድረስ ከዚያ አልወጣም።

የሙቀት ጨረር ሙከራ

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጆሴፍ ፉርየ በ1820ዎቹ ከባቢ አየር የፀሐይን ብርሃን እንደሚያሳልፍ፣ ከምድር ተመልሶ የሚወጣውን ሙቀት ግን በከፊል እንደሚያስቀር ጠቁሞ ነበር። በ1856 አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት በመስታወት ዕቃ ውስጥ የሞላችውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ ከተራ አየር ይልቅ አብልጦ እንደሚሞቅ አሳየች። የእርሷ ሙከራ ግን የፀሐይን ብርሃን ከማይታየው የሙቀት ጨረር (ታህተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ) ለይቶ አያሳይም ነበር። ቲንዳል በጽሑፎቹ አልጠቀሳትም፤ ስሟም ለረጅም ዘመን ተረስቶ ቆየ።

ቲንዳል ሥራውን የጀመረው በ1859 ነው። መሣሪያው ርዝመቱ 4 ጫማ (1.2 ሜትር ገደማ) የሆነ የነሐስ ቱቦ ነበር። መስታወት የሙቀት ጨረርን ስለሚመጥጥ የቱቦውን ሁለት ጫፎች የዘጋው ተወልውሎ እንደ መስታወት በጠራ የድንጋይ ጨው ነው። ይህም አሞሌ ከሚቆረጥበት ጨው ጋር አንድ ዓይነት ማዕድን ነው። በአንደኛው ጫፍ የፈላ ውሃ የያዘ የመዳብ ሣጥን የሙቀት ጨረር ይለቃል። በሌላኛው ጫፍ ቴርሞፓይል የተባለ መሣሪያ ጨረሩን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ የኤሌክትሪኩን መጠን ደግሞ የጋልቫኖሜትር ቀስት ያሳያል።

አስቸጋሪው ነገር ጋዝ የሚመጥጠው ጨረር ከጠቅላላው ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ መሆኑ ነበር። ቲንዳል ይህን ለመፍታት ከቴርሞፓይሉ ጀርባ ሁለተኛ የሙቀት ምንጭ አቆመ። ቱቦው ባዶ ሳለ ሁለቱ ምንጮች እኩል እስኪሆኑና ቀስቱ ዜሮ ላይ እስኪቆም ድረስ ያስተካክላቸዋል። ከዚያ ጋዙን ወደ ቱቦው ሲያስገባ ሚዛኑ ይዛባል፤ ቀስቱም ይንቀሳቀሳል። እንቅስቃሴው ጋዙ የመጠጠውን ጨረር ያህላል።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። የአየር አብዛኛው ክፍል የሆኑት ናይትሮጅንና ኦክስጅን የሙቀት ጨረርን ያለ ምንም ችግር ያሳልፋሉ ማለት ይቻላል። በአየር ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙት የውሃ እንፋሎት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ኦዞን ግን አጥብቀው ይመጥጡታል። ጋዙ ጥቂት ሲሆን የሚመጠጠው ጨረር ከጋዙ መጠን ጋር እኩል እንደሚጨምር፣ ጋዙ ሲበዛ ግን ጭማሪው እየቀነሰ እንደሚሄድም ተመለከተ። በ1861 ባቀረበው ጥናት የእነዚህ ጋዞች መጠን ቢለወጥ የምድር የአየር ጠባይ ሊለወጥ እንደሚችል ጽፏል።

ይህ ሥራ የተካሄደው ዓፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው በአቅራቢያዋ በምትገኘው በጋፋት መድፍ ያሠሩ በነበረበት ዘመን ነው።

ከማግኑስ ጋር የተደረገው ክርክር

የበርሊኑ የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ማግኑስ የቲንዳልን ውጤት አልተቀበለም። በእርሱ ልኬት እርጥብ አየርና ደረቅ አየር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበራቸውም። ጨው እርጥበት ስለሚስብ በጨው መስኮቶቹ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ተፈጥሮ ይሆናል፤ ቲንዳል የለካውም የአየሩን እንፋሎት ሳይሆን ይህን ሽፋን ነው የሚል ተቃውሞ ተነሣ።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ተቃውሞው እውነት ቢሆን ኖሮ ስለ ከባቢ አየር የተናገረው ዋናው ነገር ይፈርስ ነበር። ቲንዳል መስኮቶቹን በጥንቃቄ አድርቆ፣ ኋላም መስኮቶቹን ጨርሶ አስወግዶ በክፍት ቱቦ ሙከራውን ደጋገመ። እርጥብ አየር አሁንም ጨረሩን ይመጥጥ ነበር። ክርክሩ ማግኑስ በ1870 እስኪሞት ድረስ አላበቃም። የኋላ ዘመን ልኬቶች የቲንዳልን መሠረታዊ ድምዳሜ አጽንተዋል። የሚለካው ጋዙ ነው ወይስ መስኮቱ የሚለው ጥያቄ ግን ጋዝን በብርሃን የሚለካ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚገጥመው ነው።

የሰው ትንፋሽ መለካት

በ1860ዎቹ አጋማሽ ቲንዳል የሙቀት ምንጩን ለወጠ፤ በፈላ ውሃ ፋንታ የካርቦን ሞኖክሳይድ ነበልባል ተጠቀመ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲነድ የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ትኩስ ሆኖ ሲወጣ የሚለቀው ጨረር፣ ቀዝቃዛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጥብቆ የሚመጥጠው ዓይነት ጨረር ነው። ስለዚህ ምንጩ ለሚፈለገው ጋዝ የተስማማ ሆነ።

በዚህ መንገድ ቲንዳል ከረዳቱ ከዊልያም ባሬት ጋር በሰው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለካ። የድሮ ጓደኛው ፍራንክላንድ ያንኑ ትንፋሽ በኬሚስትሪ መንገድ ሲመረምር ያገኘው ቁጥር ከቲንዳል ቁጥር ጋር በጣም የተቀራረበ ሆነ። በጨረር የሚደረግ የጋዝ ልኬት የሚታመን መሆኑ በዚህ ታየ።

ሌሎች ሥራዎች

ቲንዳል በጨለማ ክፍል ውስጥ ኃይለኛ የብርሃን ጨረር በአየር ውስጥ አሳልፎ፣ ደቃቅ ብናኞች ብርሃኑን እንደሚበትኑ አጥንቷል። ይህ ክስተት በስሙ የቲንዳል ውጤት ይባላል። በዚሁ ጨረር ከብናኝ የጸዳ አየር ለይቶ፣ በጸዳ አየር ውስጥ የተቀመጠ የተቀቀለ ሾርባ እንደማይበሰብስ በማሳየት የሉዊ ፓስተርን ሐሳብ ደገፈ። በተደጋጋሚ በማፍላት ጀርሞችን የመግደል ዘዴም ቲንዳላይዜሽን ተብሎ በስሙ ተጠርቷል። በ1871 የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ከጭስ ለመከላከል ጥጥና ከሰል ያለበት የመተንፈሻ ጭምብል ሠርቷል።

ተራራ መውጣት ይወድ ነበር። በ1861 በስዊዘርላንድ የሚገኘውን የቫይስሆርን ተራራ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረገጡት ሰዎች አንዱ ነው። በ1872 እና 1873 በአሜሪካ ንግግሮች አድርጎ ያገኘውን ትርፍ ለዚያው አገር ሳይንስ ለገሰ።

ትዳርና ሞት

በ1876 ሉዊዛ ሃሚልተንን አገባ። ልጅ አልወለዱም። ቲንዳል ለብዙ ዓመታት በእንቅልፍ እጦት ይሠቃይ ስለነበር ክሎራል የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት ይወስድ ነበር። ለሆዱ ደግሞ ማግኒዢያ ይወስዳል። በ4 ዲሴምበር 1893 ባለቤቱ ማግኒዢያ የሰጠችው መስሏት ብዙ ክሎራል ሰጠችው፤ በዚያው ዕለት አረፈ። ሉዊዛ እስከ 1940 ኖራ፣ ቀሪ ዕድሜዋን የባሏን ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች በመሰብሰብ አሳለፈች። የሕይወት ታሪኩ በመጽሐፍ የታተመው ከሞተች በኋላ በ1945 ነው።

ከትንፋሽ ወደ ሞተር ጭስ

የቲንዳል ዘዴ ለፋብሪካ አገልግሎት የዋለው በ1938 በጀርመን አገር ነው። በዚያ ዓመት ኤርቪን ሌረርና ካርል ሉፍት በታህተ ቀይ ጨረር የሚሠራ የጋዝ መለኪያ ፈለሰፉ። የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች በኋላ በጋራዦችና በተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያዎች የካርቦን ሞኖክሳይድና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ሆኑ።

ቴዎዶር ማይማን በ1960 የመጀመሪያውን ሌዘር ሠራ። በ1962 ከሴሚኮንዳክተር የሚሠሩ ትንንሽ ሌዘሮች መጡ። በ1994 ደግሞ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ኳንተም ካስኬድ ሌዘር ጋዞች አጥብቀው በሚመጥጡት የታህተ ቀይ ክልል ውስጥ የሚሠሩ ሌዘሮችን አስገኘ።

እያንዳንዱ ጋዝ የሚመጥጠው የራሱ የሆነ የሞገድ ርዝመት አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 4.26 ማይክሮሜትር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 4.6 ማይክሮሜትር፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ 5.3 ማይክሮሜትር አካባቢ አጥብቀው ይመጥጣሉ። የሌዘር ብርሃን እጅግ ጠባብ በሆነ የሞገድ ርዝመት ላይ ስለሚያርፍ፣ በጭሱ ውስጥ ካለው ብዙ የውሃ እንፋሎት ጋር ሳይምታታ የተፈለገውን ጋዝ ብቻ ለይቶ ሊለካ ይችላል። ጨረሩ በቀጥታ በጭስ ማውጫው (በተለምዶ ማርሚታ በሚባለው) ቱቦ በኩል ሊያልፍ ስለሚችል ጭሱን ቀድቶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ አያስፈልግም። ይህም እንደ አሞኒያ ላሉ በመቅጃ ቱቦ ግድግዳ ላይ ለሚጣበቁ ጋዞች ጠቃሚ ነው።

የማግኑስ ጥያቄም በዚሁ መልስ ያገኛል። መሣሪያው የሌዘሩን የሞገድ ርዝመት በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ይለዋውጣል። በመስኮቱ ላይ የተለጠፈ ጥላሸት በሁሉም የሞገድ ርዝመት ላይ ብርሃኑን በተመሳሳይ መጠን ይቀንሳል፤ ጋዙ ግን በራሱ የሞገድ ርዝመት ላይ ብቻ ይቀንሰዋል። የሁለቱ ልዩነት የጋዙ ድርሻ ነው። የናፍጣ ሞተር የሚያወጣው ጥላሸት ራሱ ደግሞ ብርሃንን በሚበትንበትና በሚጋርድበት መጠን ሊለካ ይችላል።

በደጋ አገር የሚደረግ ልኬት

ቲንዳል በቱቦው ውስጥ ያለውን የጋዝ ግፊት እየቀያየረ መለካቱ ለደጋ አገሮች የተለየ ትርጉም አለው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ይህ ሁለት ነገር ያስከትላል። በመጀመሪያ፣ ለቆላ የተስተካከለ ባለ ካርቡሬተር ሞተር በዚህ ከፍታ ነዳጁ ለአየሩ ስለሚበዛበት ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር፣ ወይም በስተ ሰሜን ወደሚገኘው ወደ እብናት ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ የናፍጣ መኪናም በቂ አየር ካላገኘ ጥቁር ጭስ ይተፋል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በዚህ ከፍታ በአንድ ቱቦ ውስጥ የሚገኙት የጋዝ ሞለኪውሎች ቁጥር ራሱ ያነሰ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠለል የተስተካከለ መሣሪያ የአየሩን ግፊት ካላገናዘበ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በቦሎ ምርመራ ጊዜ መውደቅ የሚገባው መኪና ሊያልፍ የሚችለው እንዲህ ባለ ስሕተት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ በመሆኑ ስሕተቱን የሚከፍለው ጭሱን የሚተነፍሰው ሰው ነው። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ግፊቱንና የጭሱን ሙቀት አብሮ ለክቶ ማረም ነው። ሁለተኛው የካርቦን ሞኖክሳይድን መጠን ለካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን አካፍሎ ማየት ነው፤ ሁለቱም ጋዞች በእኩል ስለሚሳሱ ድርሻቸው በከፍታ ምክንያት አይዛባም።

መታሰቢያ

በካሊፎርኒያ የሚገኝ አንድ ተራራ ከ1864 ጀምሮ በቲንዳል ስም ይጠራል። በእንግሊዝ በ2000 የተቋቋመው የአየር ንብረት ለውጥ የምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም በአየርላንድ በኮርክ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የምርምር ተቋም ስሙን ይዘዋል። የኮርኩ ተቋም ከሚያጠናቸው ነገሮች አንዱ የሌዘርና የብርሃን ቴክኖሎጂ ነው።