የማግኔቱና የወንዙ ሰው፤ አንቷን ዳባዲ

ከዶርዜ ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው ዓባያንና ጫሞን ጎን ለጎን ተኝተው ያያቸዋል። ከጋሞ ተራሮች በስተ ምዕራብ ደግሞ፥ ከዓይን ርቆ፥ ኦሞ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የዚህ ወንዝ መድረሻ ስማቸውን ለብዙ ዓመታት ክርክር ውስጥ የጣለባቸው አንድ ሊቅ ነበሩ፤ አንቷን ዳባዲ ይባላሉ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሙሴ ዳባዲ በ1810 በደብሊን ከተማ ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለዱ፤ የተማሩት ግን በፈረንሳይ አገር ነው። በ1836 የሳይንስ አካዳሚ ልኳቸው ወደ ብራዚል ሄዱ። ሥራቸው የማግኔት መርፌ ከጧት እስከ ማታ የሚያደርገውን ጥቃቅን መወዛወዝ መመዝገብ ነበር።

በዚያ ዘመን ብራዚል ዋና የአልማዝ አገር ነበረች። አልማዙ ግን ከወንዝ ጠጠር ይለቀም ነበር እንጂ እናት ድንጋዩን የሚያውቅ አልነበረም። ድንጋዩ ከ1870 ወዲህ በደቡብ አፍሪቃ ታወቀ፤ ከኪምበርሊ ከተማም ኪምበርላይት የሚለውን ስም አገኘ። ይህ አለት ከ150 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ጥልቀት አልማዝን ይዞ እንደ ቧንቧ ባለ መንገድ ወደ ላይ የወጣ ነው። ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስላለበት፥ ዙሪያው የኖራ ወይም የአሸዋ ድንጋይ ሲሆን፥ ማግኔቶሜትር በላዩ ሲያልፍ ንባቡ ይለወጣል። ስለዚህ መሣሪያው በአውሮፕላን ተጭኖ ሰፊ አገር በመስመር በመስመር ይለካል፤ ክብ ምልክት የታየበትም ቦታ ይቆፈራል። ዙሪያው ባዛልት ከሆነ ግን ባዛልቱ ራሱ ማግኔትነት ስላለው ምልክቱ ይደበቃል። የጋሞ ደጋ ደግሞ የባዛልት አገር ነው፤ አልማዝ ያዘለው ኪምበርላይትም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በጥንታዊና ወፍራም የአህጉር መሠረት ላይ እንጂ በስምጥ ሸለቆ ዳር አይደለም። በዶርዜ አልማዝ እፈልጋለሁ የሚል ወጣት ቢኖር ሽማውን መሥራት ይሻለዋል።

ዳባዲ በ1838 ከወንድማቸው ከአርኖ ጋር በምፅዋ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። እስከ 1848 ድረስ በየኮረብታው ቴዎዶሊት እየተከሉ የተራሮቹን ጫፍ አቅጣጫ በአንግል ይለኩ ነበር፤ ኬክሮሱንም ከሰማይ ያወጡ ነበር። በሰንሰለት የተለካ መነሻ መስመር ሳይኖራቸው ካርታ የሠሩት በዚህ ዘዴ ነው። በ1843 ቦንጋ ደረሱ፤ ወደ ጋሞ ግን አልዘለቁም።

በ1846 የጊቤን ምንጭ ባገኙ ጊዜ የነጭ ዓባይን ራስ እንዳገኙ አስታወቁ፤ ጊቤ ወደ ኦሞ፥ ኦሞም ወደ ነጭ ዓባይ ይፈስሳል ብለው አምነው ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ተቃወሟቸው። ካፋ መድረሳቸውን እንኳ የሚጠራጠር ጽሑፍ አሳተሙ፤ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የተቀበሉትንም የወርቅ ሜዳይ መለሱ። ቢክ በካፋው ነገር ተሳስተዋል፤ በወንዙ ነገር ግን የተሳሳቱት ዳባዲ ናቸው። ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም፤ መሣሪያው ያልደረሰበትን የወንዙን ጉዞ በግምት መሙላታቸው ነው። ከእኚህ በቁጥር ጠንቃቃ ከነበሩ ሰው ይህ መምጣቱ ያስገርማል።

ከተመለሱ በኋላ ሥራ አልፈቱም። ይዘዋቸው የሄዱትን 234 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ዝርዝር በ1859፥ የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን በ1881 አሳተሙ፤ የብራዚልና የኢትዮጵያ የምድር ፊዚክስ ምልከታቸውም በ1873 ወጣ። በባስክ አገር በባሕር ዳር የሠሩት ግንብ የኮከብ መመልከቻ አለው፤ በግድግዳውም ላይ አማርኛ ተጽፎበታል። ግንቡን ለሳይንስ አካዳሚ ሰጡ።

የወንዙን ክርክር የፈታው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። በ1896 ከጋሞ ተራሮች ግርጌ ዓባያን አይቶ በንግሥቱ በማርገሪታ ስም ጠራው፤ ስሙ ግን አልጸናም። ከዚያ ወደ ኦሞ አልፎ ወንዙ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። መጋቢት 17 ቀን 1897 በወለጋ በጊዳሚ አቅራቢያ ተገደለ። ዳባዲም ከሁለት ቀን በኋላ በ87 ዓመታቸው በፓሪስ አረፉ።